በጀቱ ለሕንፃ ይዋል ወይስ ለሰው? ከመንገድ የራቁ የእጅ ሥራ ሰዎችን ስለማሳደግ

ርቀት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከከተማ በጣም የራቀ ገጠር ውስጥ ያሉ የፈጠራ ሥራ ሰዎችን የሚደግፍ አነስተኛ ፕሮጀክት ላይ ነው የምሠራው። ቅርጫት የሚሰፉ ሴቶች አሉ። ሸማኔዎች አሉ። እንጨት የሚቀርጽ አንድ ሰው አለ። ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል የሚሠራ ወጣትም አለ። የእጃቸው ሥራ አፍ ያስከፍታል። ይህን የምለው ስለምወዳቸው ብቻ አይደለም፤ ያየ ሁሉ የሚለው ነው። ገቢያቸው ግን ፈቅ አይልም። እንግዳ ይመጣል፣ ያደንቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ሁለት ሦስት ዕቃ ይገዛል፣ ይሄዳል። አለቀ።

አሁን ትንሽ በጀት ተገኘ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሐሳቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ። አለቃዬ ማሳያና መሥሪያ የሚሆን ማዕከል ይገንባ ይላል። (ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሚወድ ነው ብዬ ባማው አትፍረዱብኝ።) ባልደረባዬ ሥልጠና ይሰጥ ትላለች፤ የንግድ ክህሎት፣ የሂሳብ አያያዝ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሦስተኛው ሐሳብ ድረ ገጽ ከፍተን ለዓለም እንሽጥ የሚል ነው። እኔ ሦስቱም አልዋጥልኝ አሉ። ለምን እንደሆነ ግን ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ማስረዳት አቃተኝ።

እናንተ ብትሆኑ ከምን ትጀምሩ ነበር? በተለይ ሩቅ ቦታ የሠራችሁ ንገሩኝ።

መሪ ዕቅድ፦

የኔ ድምፅ ለድረ ገጹ ነው። በዚህ ዘመን ርቀት የሚባል ነገር የለም። ስልክ ያለው ሁሉ ሱቅ አለው። ጥሩ ፎቶ፣ ጥሩ ታሪክ፣ ክፍያ መቀበያ፤ በቃ። ደግሞ ሁሉንም በአንዴ አትነካኩ። በጃፓን የኦይታ ገዢ የነበሩት ሞሪሂኮ ሂራማትሱ በ1979 እ.ኤ.አ. «አንድ መንደር አንድ ምርት» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ስንት አገር ቀዳው። አንድ ምርት ምረጡና እሱን በኦንላይን ግፉ። ሥልጠናው ኋላ ይደርሳል።

ካርቶን አሳሪው፦

እህቴ ርቀት፣ ስሜን አይተሽ እንደምትገምቺው ሥራዬ ዕቃ ማሸግ ነው። ከገጠር የሚመጣ የእጅ ሥራ ተቀብሎ፣ ፈትሾ፣ አሽጎ ለሱቆች መላክ። ዕድሜዬ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የማወራሽ ከካርቶኑ ጎን ሆኜ ነው። መድረክ ላይ ያለ ሰው ሌላ ሊልሽ ይችላል።

መሪ ዕቅድ ርቀት የለም ብሏል። ወንድሜ፣ ርቀትማ አለ። በኪሎ ይመዘናል። እንዲያውም በኪሎ ብቻ ቢመዘን በታደልን። በአየር የሚያደርሱ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት ከዕቃው ክብደትና ከሚይዘው ቦታ የሚበልጠውን ነው። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር ታባዢና ብዙ ጊዜ ለ5000 ታካፍያለሽ። የወጣው ቁጥር እንደ ኪሎ ይቆጠራል። በየጎኑ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን ውስጥ አንድ ቅርጫት ብታስቀምጪ፣ ቅርጫቱ አንድ ኪሎ እንኳ ባይሞላ የምትከፍይው የ12.8 ኪሎ ነው። የምትልኪው አየር ነው ማለት ነው። ድረ ገጹ ላይ ገዢዋ ቅርጫቱን ወደደች፣ መላኪያውን አየች፣ ገጹን ዘጋች። የፎቶው ማማር እዚያ ጋ አያድንሽም።

መላው ከሰፊዎቹ ጋር ተቀምጦ ቅርጹን ማየት ነው። አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባ ሦስት መጠን ይሰፋ። ክዳኑ ተገልብጦ ውስጥ ይቀመጥ። ያኔ በዚያው ካርቶን ሦስት ሄደ፣ መላኪያውም ለሦስት ተካፈለ። ለዚህ የሥልጠና አዳራሽ አያስፈልግም። ባዶውን ካርቶን ተሸክሞ መንደሩ መግባት ነው። መሬት ላይ አስቀምጬ «እዚህ ውስጥ ስንት ማስገባት እንችላለን?» ስላቸው የሚመጣውን ሐሳብ ብታዪ! አንዷ ጎኑን ትገፋዋለች፣ ሌላዋ አፉን ታጠበዋለች፣ ሦስተኛዋ እጀታው ከውጭ ለምን ይሆናል ብላ ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። እኔ በሕልሜም የማላስበው ነው።

(የሸክላ ሥራ ቢኖርሽ ኖሮ ስለ አስተሻሸጉ ሌላ ረጅም ነገር እጽፍልሽ ነበር። የለሽም፣ ተገላግለሻል።)

አሁን ወደ ዋናው። እኔ ብሆን አንድ ሰው እቀጥራለሁ። የተረፈውን ዕቃ መግዣ ጥሬ ገንዘብ አደርገዋለሁ።

ሰውየው ምን ይሠራል ትይኝ ይሆናል። አንድ ሱቅ ስልሳ ቅርጫት አዘዘ እንበል። ኢሜይሉን ማን ይመልሳል? ስልሳውን ለሰፊዎቹ ማን ያከፋፍላል? ሣሩ በአንድ ጊዜ፣ ባንድ በርሜል እንዲነከር ማን ያደርጋል? ለየብቻ የተነከረ ቀለም በትክክል አይገጥምም፤ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ያስታውቃል። ሲመጣ ማን ይለካል? ጠማማውንስ ሰፊዋን ሳያስቀይም የሚመልስላት ማነው? መንገድ ሲቆረጥ ለሱቁ «አንድ ሳምንት እንዘገያለን» ብሎ ቀድሞ የሚጽፈውስ?

ይህን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮጀክት ሠራተኛ ከሥራው ጎን ለጎን ያከናውነዋል። ማንም ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰውየው ይሄዳል፣ የሱቆቹም አድራሻ በስልኩ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ሰው ሁሉ «ገበያው ጠፋ» ይላል። ገበያው የትም አልሄደም። ኢሜይል የሚመልስ ሰው ነው የጠፋው።

ጥሬ ገንዘቡ ደግሞ ለምንድነው? ሱቅ ዕቃ ተረክቦ የሚከፍለው ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ ነው። ሰፊዋ ግን ወጪዋ ዛሬ ነው። ያን ያህል ከጠበቀች በመሃል ለደረሰ ነጋዴ በርካሽ ትሸጠዋለች፤ አይፈረድባትም። ስለዚህ አምጥታ ስታስረክብ እጅ በእጅ የሚከፍላት ገንዘብ መኖር አለበት። ከሱቁ ሲመለስ ተመልሶ ለሚቀጥለው ይውላል።

ካላመንሽኝ ካናዳን እዪ። ሰሜን ጫፍ፣ በረዶው ውስጥ፣ ኪንጋይት የምትባል የኢኑዊቶች (የዚያ የበረዶ አገር ነባር ሕዝብ) መንደር አለች። ቀድሞ ኬፕ ዶርሴት ነበር ስሟ። መኪና የሚደርስባት መንገድ የለም፤ በአውሮፕላን ነው፣ በበጋ ደግሞ በመርከብ። እዚያ ያለው የሠዓሊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከ1959 ጀምሮ በየዓመቱ የሕትመት ሥዕሎች ስብስብ ያወጣል። (ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ ናቸው።) ማኅበሩ ሥዕሉን ከሠዓሊው እዚያው ይገዛል። ሠዓሊው ቶሮንቶ ያለ ጋለሪ እስኪሸጥለት አይጠብቅም። ሕትመቱ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፣ እያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር አለው፣ ካለቀ አለቀ። የሚሸጠው ክፍል ግን ከ1978 ጀምሮ የተቀመጠው ቶሮንቶ ነው። ሻጩ ከተማ፣ ሠሪው ቤቱ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ በዓመት አንዴ መሆኑ ነው። ሩቅ ያለ ሰው በየሳምንቱ ላድርስ ቢል አውሮፕላን በዘገየ ቁጥር ስሙ ይጠፋል። በዓመት አንድ ቀን ከሆነ ግን ዝግጅቱ ዓመት ሙሉ ነው፤ መዘግየቱን መሃል ላይ ይውጠዋል። ሥራቸውን ለቦታቸው አመቻቹ እንጂ ቦታውን ለመዋጋት አልሞከሩም። ሸማኔዎችሽ በዓመት ሁለቴ ብቻ አዲስ ስብስብ ቢያወጡ ምን ይጎድላቸዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ዋጋ። ሱቅ በጅምላ የገዛውን ቢያንስ በእጥፍ ይሸጣል። ጋለሪ ብዙ ጊዜ ግማሹን ይወስዳል። ይህን ለሰፊዎቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ዋጋውን ኢንተርኔት ላይ አይተው ተዘረፍን ይሉሻል። ድረ ገጽ ከከፈታችሁም በጅምላ ዋጋ እንዳትሸጡበት። ሱቁ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ተፎካካሪ ሆናችሁ ካገኛችሁ ሁለተኛ አያዝዝም፤ ልክም ነው።

ርቀት፦

ጋሼ ካርቶን፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቴን ነው፣ ያቺን የ5000 ስሌት ለአለቃዬ በሠራሁለት ሰዓት ፊቱ ተለዋወጠ። ግን አሁንም ሁለት ነገር ይዞኛል። አንደኛው፣ «ደመወዝ ላይ የዋለ ገንዘብ ዱካ የለውም፣ ሕንፃ ግን ይቀራል» ይላል። ሁለተኛው የራሴ ጭንቀት ነው። መሃል ላይ የሚቆም ሰው ሲባል እኛ የምናውቀው ደላላን ነው። ያን ነገር በገዛ እጃችን እንዳናደራጀው ፈራሁ። ደግሞ ሌላ ዜና አለ፤ አንድ ሙዚየም የቅርጫቶቹን ትልቅ ኤግዚቢሽን ማዘጋጀት ይፈልጋል። ቢሮው በደስታ አብዷል። ችግሩ ሁሉ በዚህ ይፈታል እየተባለ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?

ሰፊዋ፦

ልጄ፣ እኔ ሰፊ ነኝ። የምታወሩት ስለ እኔ ስለሆነ ልናገር።

ማዕከል እኛም ጋ ተሠርቷል። ጥሩ ቤት ነው፣ መስኮቱ ሰፊ። ግን ቅርጫት እኮ ቁጭ ተብሎ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰፋ ነገር አይደለም። ድስት ጥጄ እሰፋለሁ። ልጅ አስተኝቼ እሰፋለሁ። ጎረቤት መጥታ ስናወራ እጄ ሥራ ላይ ነው። ወደ ማዕከል ነይ ስትሉኝ ከቤቴ አወጣችሁኝ፣ ሥራዬን ግን ማን ይሠራልኛል? መጀመሪያ ሰሞን ሄድን። ከዚያ ቀረን። አሁን የሰርግ ወንበር ይቀመጥበታል።

ሥልጠናም ወስጃለሁ፣ ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ተደርድሯል። ትርፍና ኪሳራን አስተማሩን። ትርፍና ኪሳራ ሳላውቅ ነው እንዴ እስከዛሬ የኖርኩት? የማላውቀው ከተማ ያለችው ሴትዮ ምን እንደምትፈልግ ነው። እሱን የነገረኝ የለም።

የምንፈልገውን ልንገርሽ። ስናስረክብ ይከፈለን፤ እሱን ጋሼ ካርቶን ብለውታል። ልኬቱን ደግሞ በወረቀት አትላኩልን። ባንዱ ቤት ሜትር አለ፣ ባንዱ የለም፣ ያለውም ተጠቅልሎ ተቀድዷል። እኛ ጋ የምትመጣው ልጅ አሁን ሁለት ነገር ነው የምትሰጠን። ቁመቱን የምንለካበት የተቆረጠ እንጨትና ወገቡን የምናዞርበት ገመድ። ገመዱ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። ዙሪያው ከመጀመሪያው ቋጠሮ ካነሰ ጠቧል፣ ከሁለተኛው ካለፈ ሰፍቷል፣ መሃል ላይ ከዋለ ልክ ነው። በጨለማም በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ። ይሄ ከመጣ ወዲህ «ይሄ አይሆንም» ተብሎ የተመለሰብኝ ዕቃ በጣም ጥቂት ነው። ጭቅጭቁም ቀረ። ገመዱ ነው የሚፈርደው፣ ልጅቷ አይደለችም።

ሌላው፣ ትእዛዝ ከሌለ የለም በሉን። እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው እየተባለ ሣር ገዝተን አስቀምጠን ነቀዝ በላው። የለም ከተባልን ሌላ ሥራችንን እንሠራለን፤ ሞኝ አይደለንም።

ቀለም ቀንሱ፣ ጥለቱን ተዉት የሚለን እንግዳም አለ። አንዳንዱን እንሰማለን። ሁሉም እንደዚያ ይሁን ሲባል ግን እጅ ይሞታል። ገዢው በሚፈልገው ልክ የተወሰነውን እንሥራ፣ ቀሪውን ለእኛ ተዉት።

ሥዕልና ዋይፋይ፦

ስለ ወጣቱ ሠዓሊ ማንም ምንም አላለም፣ እኔ ልበል። የሱ ችግር ካርቶን አይደለም። መብራት፣ ኔትወርክና ውል ነው።

መጀመሪያ ንድፉን በትንሽ ፋይል በስልክ ይላክ፤ ማስተካከያው ሁሉ እዚያ ላይ ይጠናቀቅ። ትልቁ ፋይል የሚላከው መጨረሻ ላይ አንዴ ነው። ኔትወርኩ ካልቻለው ፍላሽ ላይ አድርጎ ወደ ከተማ ለሚሄድ ሰው መስጠት ነውር የለውም። እኔ አሁንም አደርገዋለሁ። ከአሳታሚው ጋር ሲዋዋል የማስረከቢያ ቀኑ ላይ መብራት የሚጠፋባቸውን ቀናት ጨምሮ ይቁጠር።

ዋናው ግን ውሉ ነው። ሩቅ ያለ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ከነመብቱ ጠቅልሎ ነው የሚሸጠው፤ ሌላ አማራጭ እንዳለ የሚነግረው ስለሌለ። መብቱ የሱ ሆኖ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መስጠት ይችላል። ለዚህ መጽሐፍ፣ በዚህ ቋንቋ፣ ለዚህን ያህል ዓመት። ሥዕሉ ነገ ቦርሳና ካላንደር ላይ ከወጣ ሌላ ክፍያ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የጥበብ ሥራ በንግድ ገበያ ተመልሶ ሲሸጥ ሠዓሊው 5 በመቶ የሚያገኝበት ሕግ አለ። በየበረሃው ያሉ የአቦርጂኖች (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ሥዕል ማዕከሎች ደግሞ ቁልፍ ሥራቸው መዝገብ ነው። ማን ሣለው፣ መቼ፣ የት ሄደ። መዝገብ ከሌለ 5 በመቶው ለማን ይደርሳል? የእናንተም ሰው የእያንዳንዱን ሥራ ፎቶና ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ ይመዝግብ። ወጪው አንድ ደብተር ነው።

ካርቶን አሳሪው፦

እትዬ ሰፊዋ፣ የገመዱን ነገር ሰረቅኩሽ። ነገ ጠዋት ሥራ ላይ አውለዋለሁ።

ርቀት፣ በተራ ልመልስ።

ሙዚየሙን እምቢ አትበሉ። ግን ችግሩን ይፈታል የሚለውን እርሺው። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል ቦታ አለ። ወንዝ በሦስት በኩል የከበበው። ጥቁር ነዋሪዎቹ በመራጭነት ሊመዘገቡ ወደ ማዶ መሻገር ሲጀምሩ በ1962 ጀልባው ተቋረጠባቸው፤ የተመለሰው በ2006 ነው። ከ40 ዓመት በላይ በወንዙ ዙሪያ ረጅሙን መንገድ ሲሄዱ ኖሩ። ሴቶቹ ከአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ የሚሰፉት ብርድ ልብስ አለ፤ ዘመናዊ ሥዕል ነው የሚመስለው። በ1966 በአካባቢው የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በ1972 ከአንድ ትልቅ የመደብር ኩባንያ የትራስ ልብስ ኮንትራት ተገኘ። ሥራው ግን አንድን ነገር ደጋግሞ መስፋት ሆነ። ሴቶቹ ደስ ያላቸው ከዚያ በተረፈው ጨርቅ ለራሳቸው የሰፉት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም የሚፈልገውም እሱን ነው። እትዬ ሰፊዋ ያሉት ነገር ማለት ነው።

በ2002 ሥራቸው መጀመሪያ ሂዩስተን፣ ከዚያ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ታየ። ጋዜጣው ሁሉ ጻፈ። በ2006 ቴምብር ላይ ወጣ። እንዲህ ያለ ዝና ማን አግኝቶ! ግን ሰፊዎቹ በየስማቸው በኢንተርኔት የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱት በ2021 ነው። ያም የሆነው ፎቶውን፣ ዋጋውን፣ መላኪያውን አብረዋቸው ተቀምጠው የሚያስጀምሩ ድርጅቶች ሲመጡ ነው። በዝናውና በሱቁ መካከል ያለውን ዓመት ቁጠሪው። ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ቅርጫት የፈለገ ሰው የሚደውልበት ቁጥርና የሚያነሳ ሰው ካልተዘጋጀ፣ ጭብጨባው አዳራሹ ውስጥ ነው የሚቀረው። ሙዚየሙን አሁኑኑ ጠይቂ፤ መሸጫ ሱቃቸው ከመክፈቻው በፊት ስንት ያዝዛል? ቅድሚያ ስንት ይከፍላል? በካታሎጉ ላይ የሰፊዎቹ ስም በየሥራቸው ሥር ይጻፋል ወይ?

አለቃሽ ሕንፃ ይቀራል ማለቱን በተመለከተ፣ ያ ዕቃ ተገዝቶበት ከሱቅ የሚመለሰው ተዘዋዋሪ ገንዘብም ይቀራል። በደንብ ከተያዘ የፕሮጀክቱ ማብቂያ ላይ ቆጥረሽ ልታሳዪው ትችያለሽ። ግድ ቦታ ካስፈለገ ደግሞ አዲስ ለምን ይገነባል? ጃፓን ውስጥ ፍራም ኪታጋዋ የተባሉ ሰው ወጣቱ ጥሎት በሄደ ተራራማ የኒጋታ ገጠር ከ2000 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ የጥበብ ፌስቲቫል ያዘጋጃሉ። ቦታው 760 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራዎቹ ከተዘረጉባቸው ውስጥ ብዙዎቹ ባዶ የቀሩ ቤቶችና የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ዝናብ የማያስገባ፣ አይጥ የማይገባበት፣ መኪና የሚቀርበው ደረቅ ክፍል ነው። ሪባኑን እዚያ በር ላይ ይቁረጠው።

የደላላው ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ደላላን ደላላ የሚያደርገው መሃል መቆሙ አይደለም፤ ከወዲያ የተቀበለውን ከወዲህ አለመናገሩ ነው። ፎጎ የምትባል የካናዳ ደሴት ላይ ዚታ ኮብ የምትባል የደሴቷ ልጅ ከወንድሞቿ ጋር ሾርፋስት የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች። በ2013 የከፈቱት ሆቴል አለ፤ የቤት ዕቃና ብርድ ልብስም ያሠራሉ። ገዢው ከከፈለው ውስጥ ስንቱ ለሠራተኛ፣ ስንቱ ለጥሬ ዕቃ እንደሄደና ስንቱ ደሴቷ ላይ እንደቀረ በመለያ ወረቀት ያሳያሉ። ይህን በትንሹ ማድረግ ትችያለሽ። የሰውየው ደመወዝ፣ መላኪያው፣ ሱቁ የሚጨምረው ሁሉ አንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ዕቃ ማስረከቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት ይነበብላቸው። ደመወዙም ከመጀመሪያው ቀን ዋጋው ውስጥ ይግባ፤ በጀቱ እየቀነሰ ሽያጩ እየተካው ይሂድ።

መሪ ዕቅድ ስለ አንድ ምርት ያለው ግማሹ ልክ ነው። መታወቂያ የሚሆን ነገር ያስፈልጋል። ግን ማጥበብም ይገድላል። በስኮትላንድ ደሴቶች የሚሸመነውን ሀሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ እዪ። የ1993ቱ ሕግ በነዚያ ደሴቶች የሚኖር ሰው በቤቱ፣ በእጁ የሸመነውን ብቻ ነው በዚያ ስም እንዲሸጥ የሚፈቅደው። ሱፉ የሚነከረውና የሚፈተለውም እዚያው ነው። በቤቱ የሚለውን ልብ በዪ፤ ማዕከል የለም። ሕጉ ሸማኔውን ከሩቅ ፋብሪካ ጠበቀው። ከራሱ ገበያ ግን አልጠበቀውም። በ2006 ትልቁን ፋብሪካ የገዛ ባለሀብት 8000 ገደማ የነበረውን የጥለት ዓይነት ወደ 4 አወረደው። ሸማኔው ሥራ ፈታ። ያዳነው በ2007 ሌሎች ሰዎች ሌላ ፋብሪካ ከፍተው ጥለቱን መልሰው ማስፋታቸው ነው። ስለዚህ ስሙ አንድ ይሁን፣ ጥለቱ ይብዛ። ደግሞ በአንድ ገዢ ብቻ አትንጠልጠሉ።

ርቀት፦

ጋሼ፣ እትዬ፣ ሁላችሁም፣ ምን ልበል። እትዬ ሰፊዋ የጻፉትን አትሜ ለአለቃዬ ሰጠሁት። የወንበሩን ነገር ሲያነብ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። አሁን ማዕከል ማለቱን ትቶ «ደረቅ ክፍል» ማለት ጀምሯል። ባልደረባዬም ሥልጠናውን ወደ መንደር ጉብኝት ልትቀይረው ተስማምታለች፤ ባዶ ካርቶን ይዛ።

የመጨረሻ ጥያቄ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል? አንድ ሱቅ ብዙ ይፈልጋል። ደግሞ እንጨት ቀራጩስ? ስለሱ አልተነሳም።

ካርቶን አሳሪው፦

ሰፊዎቹ ሳይጨናነቁ ከሚጨርሱት ግማሹን ተቀበዪ። ለሱቁም በግልጽ ንገሪው፤ ይሄ መጀመሪያ ነው፣ ከተስማማህ ቀሪውን በዚህ ቀን። ሙሉውን ተቀብሎ ግማሹን አዘግይቶ ከማድረስ ይሻላል። ሱቅ አንዴ ሲያዝዝ እየሞከረ ነው። እኔ ገበያ አለ የምለው ሲደግም ነው። ሣሩ ሳይደርቅ የተሰፋ ካለ ደግሞ አታሽጊው፤ መንገድ ላይ ይሻግታል፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል።

እንጨት ቀራጩን ከሁሉ በፊት ዛፉ ምን እንደሆነ ጠይቂው። አንዳንድ ዛፍ በሳይቴስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሥር ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ዳልበርጂያ የሚባለው የዛፍ ወገን በሙሉ ከ2017 ጀምሮ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው። ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል። የዛፉን ስም፣ የቅጠሉንና የፍሬውን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።